ለስንዴ የመጣ ኮርማ

ኮርማው ከመስመሩ መሀል ቆሞ ጤዛ ያንጠባጥብ ነበር። ቀንድ የለውም፣ ሻኛ የለውም፤ ስንዴ ነው። ግን ምን ዓይነት ስንዴ! ከአንድ ሥር ተነስቶ፣ አገዳው በአገዳ ላይ እየተደረበ፣ እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ የተንሰራፋ፤ የቆመበትን መሬት እንደ ባለ ርስት ሞልቶ የያዘ። በግራና በቀኙ የገብረአምላክ የዓይን ብሌኖች፣ ባለ አንድ አገዳዎቹ አሉ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ እያንዳንዳቸው አንዲት ከባድ ዛላ በራሳቸው ላይ ተሸክመው፣ ውኃ ቀድተው እንደሚመለሱ ልጃገረዶች በተርታ ቆመዋል። ኮርማ የሚለውን ስም ገብረአምላክ ገና አልሰማውም። የሚያየው ነገር በእውኑ ይሁን በሕልሙ እንኳ አልለየለትም ነበር።

ከያቤሎ የገባው ትናንት አመሻሹ ላይ ነው፤ በጭነት መኪና፣ ጨው በተሞላ ጆንያ ላይ ተቀምጦ። ለሳምንት ሴሚናር ብለው ወስደውት፣ ሳምንቱ ሳምንት እየወለደ ወር አልፎት፣ ስለ ንዑስ ከበርቴ ከሚገባው በላይ አውቆ ተመለሰ። አሁንም ጆሮው ውስጥ የመኪናው ጉርምርምታ አልወጣም። ጉሙ ደግሞ የነገሌ የሐምሌ ጉም ነው፤ ሰው እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን የሚያጣበት። ገብረአምላክ ራሱ ሲያወራ፣ አንድ ጧት ካፖርቱን አውልቆ ጉሙ ላይ ሰቅሎት ሲያርም ቆየና፣ ፀሐይ ስትወጣ ጉሙ ካፖርቱን ይዞ ወደ ፊልቱ ነጎደ፤ አንድ የፍየል ነጋዴ እስከ ዛሬ ለብሶት ይዞራል ይላል። ከተማው ይስቃል እንጂ አያምነውም። የሚያምነው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሁለት እርምጃ ሄዶ ሌላ እንዲሁ የተንሰራፋ አገኘ። ከዚያ ሌላ። በየመስመሩ፣ በየልጃገረዶቹ መሀል፣ አንዳንድ ባለ ርስት ተቀምጧል።

«አባ ሊበን!» ብሎ ጮኸ።

ዋቆ ከጉሙ ወጣ። የበኩር ልጁ ሊበን ስለሚባል አገሩ ሁሉ አባ ሊበን ነው የሚለው። ድርቁ ከብቱን ሲጨርስበት የማሳው ዘበኛ የሆነ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን የሚሰቅልበት ረጅም ሽማግሌ ነው። የገብረአምላክን ወሬ አንድ ሳያስቀር የሚያምነው ሰውም እሱ ነው። ውሸት ስለማያውቅ፣ ሌላው ሰው ሲዋሽ ይታየው ዘንድ አልተፈጠረም።

«አካም፣ ገብሬ! ናጋ? ያቤሎ ናጋ? መኪናው ናጋ?»

«ሁሉም ናጋ፣ ሁሉም ሰላም ነው። ይሄ ምንድነው?»

ዋቆ ወደ ተንሰራፋው ስንዴ አየት አድርጎ ፈገግ አለ። ስጦታ ሰጥቶ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ፈገግታ ነው።

«ኮርማ ነው።»

«ምን?»

«ኮርማ። አንተ ሄድክ። ዝናብ መጣ። እነዚህ ጊደሮች አደጉ፣ ደረሱ፣ ማን ያግባቸው? ከዚያኛው መደብ ወፍራም ወፍራሙን መርጬ ከነአፈሩ ነቀልኩ። በየመስመሩ አቆምኩ። ውኃ አጠጣሁ፤ አንድ አልሞተም። ለማንም አላዳላሁም።»

«ማን አድርጉ አለዎት?»

«ማን ይበለኝ? የጎረቤት ከብት ኮርማ ሲያጣ፣ ያለው ሰው ያውሳል። ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው ኮ!»

ገብረአምላክ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ መልሶ ገጠመው። ጥፋቱን ቢከተለው ዱካው ዞሮ የሚገባው ወደ ገዛ አፉ ነበር። ስምንተኛ ክፍልን ሳይጨርስ፣ አጭር ኮርስ ወስዶ፣ ወረንጦ ይዞ ስንዴ ማዳቀል የጀመረ ጊዜ፣ ዋቆ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ «ምን ታደርጋለህ?» ብሎት ነበር። እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። እውነቱ ግን አጭርና ደረቅ ሆነበት። ስለዚህ «ስንዴ ያለ ሽማግሌ አይጋባም» አለው። «ወንዱ ዓይናፋር ነው፤ ሴቷ ኩሩ ናት። እኔ በወረንጦ አስታርቄ፣ ጥሎሽ ቆርጬ፣ የወረቀት ከረጢት አልብሼ ካልዳርኳቸው ፍሬ የሚባል የለም። በአርሲ አንድ ሽማግሌ ቢሞት የአንድ ወረዳ ስንዴ ባዶ ገለባ ሆኖ ቀረ።» ዋቆም ከንፈሩን መጦ ለአርሲው ሽማግሌ አዝኖ ሄደ። እንግዲህ ገብረአምላክ ያቤሎ ታግቶ ሲቀር፣ ደጉ ሰው ልጃገረዶቹ ቆመው እንዳይቀሩ ሰጋና በሚያውቀው መንገድ ዳራቸው። ምን ጥፋት አለበት?

የዛሬው ቀን ባይሆን ኖሮ ያስቅ ነበር። ዛሬ ግን ወይዘሮ የዓለምወርቅ ትመጣለች።

የዓለምወርቅ አዋሳ ካለው ከዋናው የእርሻ ምርምር ጣቢያ የምትመጣ የዘር አዋቂ ናት። ማሳው በድርቁ ዘመን ለሙከራ ተከፈተ፤ አሁን በረሃ ስንዴ አያበቅልም ተብሎ ሊዘጋ ተወስኗል። ከሚዘጋው ማሳ የሚድን ካለ መርጣ የምትወስደው እሷ ናት፤ ያልወሰደችው በሚቀጥለው ሳምንት ትራክተር ይገለብጠዋል። ይሄ እንዲያው የሥራ ነገር ነው። ለገብረአምላክ ግን የሥራ ነገር ብቻ አልነበረም።

በሰባ ሰባት ዝናቡ አንድ ጊዜ ተፍቶ ሄደ። ስንዴው ያችን ጠብታ አምኖ ተነሳ፤ እያንዳንዱ ሥር ልጅ አገዳ ላይ ልጅ አገዳ እየደረበ፣ ጥጋብ የማያልቅ መስሎት ቤቱን በቤተሰብ ሞላ። ከዚያ ሰማዩ ተዘጋ። አገዳዎቹ ያችኑ ውኃ ሲሻሙ አንድም ሳያፈሩ አብረው ደረቁ። ገብረአምላክ በዚያ ገለባ መሀል ሲሄድ አንዲት ቆማ አየ። አንድ አገዳ ነበራት፤ ልጅ አልጨመረችም። ያገኘችውን ውኃ ሁሉ በዚያች በአንዲት መንገድ ወደ ላይ ልካ፣ ዛላዋን ሞልታ፣ ጎንበስ ብላ ቆማለች። ዛላዋን በደረት ኪሱ ይዟት አደረ። በሕልሙ ከኪሱ አንድ አገዳ ወጥቶ፣ ጣራውን ቀዶ፣ ወደ ሰማይ ወጣ፤ እሱም በአገዳው እየተሳበ ሲወጣ ከላይ ዝናብ ተቀምጦ ካርታ ሲጫወት አገኘው። ይሄን ሕልም ለሰው አላወራም። ስላላወራው ይሆናል፣ እውነት የመሰለው።

ከዚያ ወዲህ የዚያችን ዘር በየዓመቱ እየዘራ፣ ልጅ የጨመረውን እየነቀለ፣ እዚህ አድርሷታል። ዘንድሮ አንድ እንኳ ከሕግ የወጣ አልነበረባትም። እነሆ ዋቆ ኮርማ አመጣላት።

«ይነቀሉ!» አለ። «መኪናዋ ሳትደርስ ይነቀሉ!»

«ኮርማ? ልጆቹን ሳያይ?»

«አባ ሊበን፣ በእናትዎ!»

ነቀሉ። በጉሙ ውስጥ ጎንበስ ቀና እያሉ፣ ከባዱን ስንዴ ከነሥሩ እየጎተቱ፣ ጉድጓዱን በእግራቸው እየደለደሉ። የነቀሉትን ከአጥሩ ውጭ ወረወሩት፤ የዋቆ ፍየሎችም ይሄን ሠርግ ማን ላከልን ሳይሉ አነከቱት። ገብረአምላክ እየነቀለ ያስባል። ምናልባት ምንም አልተፈጠረ ይሆናል። ስንዴ እኮ እንደ በቆሎ በነፋስ የሚዳቀል አይደለም።

«እውነቱን ልንገርዎት?» አለ፣ ወገቡን ይዞ ቀና ሲል። «ያኔ የነገርኩዎት ወሬ ነበር። ስንዴ ሽማግሌ አይፈልግም። አበባው ሳይከፈት፣ በሩን እንደዘጋ፣ ራሱን ነው የሚያገባው።»

ዋቆ እጁ ላይ ያለውን አገዳ ለቀቀው።

«ማንን?»

«ራሱን።»

«ላኪ፣ አይሆንም! እኛ ጋ የሰቦ ጎሳ የጎናን ጎሳ ያገባል፤ ጎና ሰቦን ያገባል። ሰቦ ሰቦን ካገባ ሰው አይደለም ይባላል። ራሱን የሚያገባ ይሄ ምን ጎሳ ነው?» ወደ ማሳው ዞሮ ስንዴውን ሁሉ በአዲስ ዓይን አየው። «እኔ ይሄን ስጠብቅ ኖርኩ?»

«አንዳንዴ ግን በሩ ይከፈታል። አንዳንዱ አበባ ከንፈሩን ገለጥ ያደርጋል፣ ነፋስም የጎረቤቱን ብናኝ ይጥልበታል። ጥቂት ነው። ግን ይኖራል።»

«ደግ ነው» አለ ዋቆ፣ ትንሽ ቀለል ብሎት። «ደጎቹም አሉ ማለት ነው።»

ጉሙ ሲገፈፍ መኪናዋ ደረሰች። የዓለምወርቅ የወንድ ባርኔጣ ያደረገች፣ አጭር፣ ጉልበቱ የተጣፈ ሱሪ የለበሰች ሴት ናት። ሾፌሩ ወርዶ ጎማ እየረገጠ፣ ከመሸ የክብረ መንግሥት መንገድ አይታመንም፣ ቶሎ ይሁን አለ። እሷ አልሰማችውም። ባለ ብዙ አገዳውን መደብ አንድ ጊዜ አየችና አለፈችው፤ ከሩቅ ያምራል፣ ዛላው ግን ሲጨበጥ ባዶ ነው። ወደ ልጃገረዶቹ መጣች። አንዲት ዛላ በመዳፏ አሽታ ገለባውን እፍ አለችው፤ ስንዴው እንደ ትናንሽ ጥርሶች መዳፏ ላይ ቀረ። ፍሬዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ቆጠረች።

«እነዚህ ክፍተቶች ምንድናቸው?» አለች ቆይታ፣ ወደ ተደለደሉት ጉድጓዶች እያመለከተች።

«ጃርት» አለ ገብረአምላክ፣ ሳያስብ። ውሸት ለእሱ እንደ ማስነጠስ ነው፤ አስቦ አያመጣውም።

«በዚህ ርቀት እየለካ የሚበላ ጃርት?»

«የነገሌ ጃርት የተማረ ነው።»

ሳቀች። መቀሷን አወጣች፤ የአቡጀዲ ከረጢቷን ከፈተች። አንዷን ዛላ ቆረጠች። መቀሱ ሲጋጠም የተሰማው ድምፅ ለገብረአምላክ እንደ እልልታ ሆነበት። አንዷ፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ወደ ከረጢቱ ወደቁ። ሕልሙ በመቀስ እየተቆረጠ በእውን ሲገባ ያይ ነበር።

«እነዚህን እወስዳለሁ» አለች ሳትዞር። «ግን ገብሬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ለከርሞ የምሰጣቸው ቦታ መዳፍ ታክላለች። ከነዚህ ልጆች አንድ እንኳ ባለ ብዙ አገዳ ከወጣ የተደባለቀ ዘር ነው ብዬ ሁሉንም ነው የምጥለው። ለተደባለቀ ዘር ቦታም፣ ዕድሜም የለኝም።»

ገብረአምላክ ወደ ተደለደሉት ጉድጓዶች ዞረ።

ኮርሱ ላይ ከተማረው ሁሉ አንዱን ነገር እንደ ተረት ወዶት ነበር፤ ኋላም በወረንጦው አዳቅሎ በዓይኑ አይቶታል። በስንዴው ዘር ውስጥ «አንድ ይበቃሃል» የምትል ትእዛዝ አለች፤ ከእናትም ከአባትም ትወረሳለች። «ብዙ ተባዙ» ከሚለው ትእዛዝ ጋር አንድ ቤት ከገባች ግን ትፈራለች፣ ድምጿን ታጠፋለች። ልጁ ሁሉ እንደ ኮርማው ይንሰራፋል። ያየው ሰው ዘሯ ጠፋ ይላል። አትጠፋም። ከልጁ ልጆች መሀል፣ ሁለት ዝምተኞች የተገናኙበት አንዱ ላይ፣ ከአራት አንዱ ላይ፣ ቀጥ ብላ ብቅ ትላለች። የሚያስፈልጋት የሚጠብቃት ሰው ብቻ ነው።

እንግዲህ ዝም ቢል፣ ለከርሞ አንድ የኮርማ ልጅ ብቅ ያለ ዕለት የዓለምወርቅ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ሁሉንም ትጥላለች። ቢናገር፣ የተነካ ዘር ነው ብላ አሁኑኑ ከረጢቷን ትገለብጣለች፤ ትራክተሩም ሳምንት አይቆይም። አውቃ ከወሰደች ግን፣ አውቃ የልጅ ልጁን ከጠበቀች... ይሄ ሦስተኛው መንገድ እንደዚያች እንደ መጀመሪያዋ አገዳ ቀጭን ነበር።

«ወይዘሮ የዓለምወርቅ» አለ። «ጃርት አልነበረም።»

«አውቃለሁ።»

«ኮርማ ነው።»

መቀሷ አየር ላይ ቆመ። እሱም ነገራት፦ ያቤሎ መቅረቱን፣ ዋቆ ባለ ብዙ አገዳውን ከነአፈሩ እያመጣ በየመስመሩ ማቆሙን፣ ውኃ ማጠጣቱን፣ ለማንም አለማዳላቱን፣ ዛሬ ጧት በጉም ነቅለው ለፍየል መስጠታቸውን። ሲናገር ምንም አልጨመረበትም። በሕይወቱ ሳይጨምር የተናገረው ረጅም ነገር ይሄ ሳይሆን አይቀርም፤ ድምፁም ባዳ ሆኖበት እንደ ተበደረ ጫማ ይጎረብጠው ነበር።

የዓለምወርቅ መጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ባርኔጣዋን አወለቀች። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሾፌሩ ከሩቅ ምን ነካት ብሎ መጣ።

«ለስንዴ ኮርማ!» አለችው ለሾፌሩ፣ ዓይኗን እየጠረገች። «አዋሳ ላይ ስለዚህ ሰው ሲያወሩ ያጋነኑ መስሎኝ!»

«እውነቴን ነው! አባ ሊበንን ይጠይቋቸው። እሳቸው ዋሽተው አያውቁም።»

ዋቆ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ መጣ። የዓለምወርቅ ተነስታ እጅ ነሳችው።

«አባቴ፣ ስንዴ ውስጥ ኮርማ አስገቡ እንዴ?»

ዋቆ ገብረአምላክን አየ። ፊቱ ላይ ላብ አየ፤ ጥፍሩ ውስጥ የጧቱን አፈር አየ። ከጧት ጀምሮ ሲሮጥ፣ ሲነቅል፣ ሲደብቅ ያየው ወዳጁ አሁን በዚህች ባለ ባርኔጣ ፊት እንደ ተከሳሽ ቆሟል። የአገዳ ትእዛዝ፣ የልጅ ልጅ፣ ከአራት አንድ የሚባለውን ዋቆ አያውቀውም። ወዳጅ ሲጠመድ ዝም ብሎ ማየት ነውር እንደሆነ ግን ያውቃል።

«ኮርማ?» አለ ረጋ ብሎ። «ምን ኮርማ? ስንዴ በሩን ዘግቶ ራሱን ነው የሚያገባው።»

«ይኸው!» አለች የዓለምወርቅ እጇን አጨብጭባ። «ሰማህ? አባ ሊበን ከአንተ በልጠው ያውቃሉ!»

ገብረአምላክ ወደ ሽማግሌው ዞረ። ዋቆ ዋሸ። እንደ ድንጋይ የታመነ ሰው፣ የመጀመሪያ ውሸቱን፣ ያውም ጧት ከራሱ በተማረው እውነት አሸብርቆ፣ ለእሱ ሲል ዋሸ። ይሄን ውሸት ማን ያፈርሰዋል?

መቀሱ ሥራውን ቀጠለ። ከረጢቱ ሞላ፤ አፉ በሲባጎ ታሰረ። የዓለምወርቅ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ከረጢቱን እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሞተሩ ተነሳ። ያኔ ነው ገብረአምላክ ሮጦ መስኮቱን የያዘው።

«ለከርሞ ባለ ብዙ አገዳ ከወጣ አይጣሉት» አለ፣ ከመኪናዋ ጎን እየሮጠ። «ቢስቁብኝም ይሳቁ። የልጅ ልጁን ይጠብቁ። አንድ ወቅት ብቻ። ትመለሳለች፤ እምላለሁ!»

«አንተ ሰው፣ እግርህ!» አለ ሾፌሩ።

የዓለምወርቅ ፈገግ ብላ ነበር። ፈገግታዋ መንገድ ላይ እንዳለ ቆመ፤ ወደፊትም አልሄደም፣ ወደ ኋላም አልተመለሰም። ወደ ገብረአምላክ ፊት አየች፤ ከዚያ ዓይኗ አልፎት ወደ ማሳው፣ በልክ ወደ ተራራቁት ክፍተቶች ሄደ። መስኮቱ ከእጁ አመለጠ።

ዋቆ ከኋላው መጥቶ አጠገቡ ቆመ። ዱላውን ከትከሻው አውርዶ ተመረኮዘው።

«ሰው በራሱ ላይ ይመሰክራል?» አለ። «እኔ ባልደርስልህ ትጠፋ ነበር ኮ።»

«አዎ፣ አባ ሊበን።»

«ውሸት ግን ከባድ ነው» አለ ሽማግሌው፣ ደረቱን በመዳፉ እያሸ። «አንተ እንዴት ቻልከው?»

ገብረአምላክ ሊመልስለት ዞረ፤ ግን የዋቆ ዓይን ሩቅ ነበር። ተከትሎ አየ። መኪናዋ ቀዩን አቀበት ወጥታ ከግራሮቹ አጠገብ፣ ከመጠምዘዣው ላይ፣ ቆማለች። በር አልተከፈተም። የወረደ ሰው የለም፤ የተወረወረ ከረጢትም የለም። የሞተሩ ድምፅ ጠፋ፤ ሜዳው ጸጥ አለ። ከኋላዋ ስትጎትተው የመጣችው አቧራ ደረሰባት፣ ሸፈናት፣ ከዚያ ትቷት ብቻውን መንገዱን ይዞ ሄደ።